ሽመላዋና የቢያሊክ ወፍ፦ በዕብራይስጥ የተጻፈው ናፍቆት የኛም ነው?

ሽመላ ከነታንያ፣ እስራኤል (ክሩን የከፈተችው)፣ እሁድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ቤቴ የሆነውን ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እዚህ የለመድነው እሱን ነው።

ልጄ አስረኛ ክፍል ናት። ለፈተና የታዋቂውን የዕብራይስጥ ገጣሚ የቢያሊክን «ወደ ወፏ» የሚለውን ግጥም እንድታጠና ተሰጥቷት ሳሎን ቁጭ ብላ ጮክ እያለች ታነባለች። እናቴ አጠገቧ ምስር ትለቅማለች። እናቴ ዕብራይስጥ ለገበያና ለአውቶቡስ የሚበቃትን ያህል ትሰማለች፤ ግጥም ግን ሌላ ነገር ነው። «ምንድን ነው የምታነበው?» አለችኝ። እኔም እንደ አፌ ወደ አማርኛ መለስኩላት። ሰውየው ብርድ አገር ነው ያለው። ወፊቱ ከሙቅ አገር ተመልሳ መስኮቱ ላይ ታርፋለች። እንኳን ደህና መጣሽ ይላትና ስለ ጽዮን ይጠይቃታል። እዚያ ያሉት ወንድሞቼ እንዴት ናቸው? የሄርሞን ጤዛ እንደ ዕንቁ ነው የሚወርደው ወይስ እንደ እንባ?

እናቴ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደችው። «ይቺማ የኛዋ ሽመላ ናት» አለች።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጎንደር ባሉት የቤተ እስራኤል መንደሮች ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ልጆች ሁሉ ከቤት ወጥተው ወደ ላይ ያዩና «ሽመላ ሽመላ፣ አገራችን ኢየሩሳሌም ደህና ናት ወይ?» ይሉ ነበር። እናቴም ብላዋለች። እኔ በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ስመጣ የ7 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን የተጓጓዘ ጊዜ፣ እና እኔም ማለቴን አስታውሳለሁ።

ቢያሊክ ግጥሙን ያሳተመው በ1892 ኦዴሳ ነው። 19 ዓመቱ ነበር። እነዚያ የወገራና የደምቢያ ልጆች ቢያሊክ የሚባል ሰው መኖሩን አያውቁም። ወፏ ግን በሁለቱም በኩል የተጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው።

ልጄ ይሄን ሰምታ «ክፍል ውስጥ መናገር ይፈቀድልኛል?» አለችኝ። ለምን አይፈቀድልሽም አልኳት። ጥያቄዋ ግን ወጋኝ። ስለ አያቷ ለመናገር ለምን ፈቃድ ትጠይቃለች? የዕብራይስጥ ሥነ ጽሑፍ የሌሎች ቤት ነው፣ እኛ እንግዳ ነን ብላ ነው የምታስበው ማለት ነው። እናንተስ እንዴት ታዩታላችሁ?

የአራት ኪሎ አንባቢ፣ እሁድ ማታ

እህቴ፣ ይሄን ሳነብ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ መውረጃዬን አለፍኩት።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ስለ ዕብራይስጥ የማውቀው ትንሽ ነው። አንድ ነገር ግን ሁሌ ይገርመኛል። ለመቶዎች ዓመታት የጸሎት ብቻ የነበረ ቋንቋ እንዴት ተመልሶ ሕፃን የሚያለቅስበት፣ ሰው የሚጣላበት ቋንቋ ይሆናል? እኛ ግዕዝን አክብረን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስቀምጠነዋል፤ በግዕዝ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ግን አላየሁም። በአንድ ሰው ጥረት ነው የተነሣው የሚባለው እውነት ነው?

ሽመላ ከነታንያ፣ እሁድ እኩለ ሌሊት

ወንድሜ ጥሩ ጠየቅህ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ይሄን ነገር እወደዋለሁ፣ ካረዘምኩ ታገሡኝ።

ሰውየው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ይባላል። በ1881 ኢየሩሳሌም ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ወንድ ልጅ ሲወለድለት ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ በጆሮው እንዳይገባ ወሰነ። እስቲ አስቡት፣ አብሮት የሚጫወት ልጅ የለም፣ ቋንቋውን የሚያወራ ጎረቤት የለም፣ ለአሻንጉሊት የሚሆን ቃል እንኳን ገና አልተፈጠረም። ልጁ አፉን የፈታው በጣም ዘግይቶ ነው። አድጎ ሲተርክ አንድ ቀን እናቱ በሩስኛ እሹሩሩ ስትለው አባቱ ደርሶ እንዴት እንደተቆጣ ይናገራል። ያቺን እናት ሁሌ አስባታለሁ። ዲቮራ ትባላለች። በ1891 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ለቤን ይሁዳ መንገድ ሁሉ በስሙ ተሰይሟል፤ የሷን ዝምታ ግን ማንም አይዘፍነውም።

እሱ ጋዜጣ ያዘጋጃል፣ ቃል ይፈጥራል። «ሚሎን» ማለትም መዝገበ ቃላት ራሱ እሱ ያወጣው ቃል ነው። ትልቁ መዝገበ ቃላቱ የተጠናቀቀው እሱ በ1922 ከሞተ ከ37 ዓመት በኋላ፣ በ1959 ነው። ግን ብቻውን አልነበረም። አብርሃም ማፑ የሚባል ሰው ሊትዌኒያ ተቀምጦ የመጀመሪያውን የዕብራይስጥ ልብ ወለድ ያወጣው በ1853 ነው፣ ቤን ይሁዳ ከመወለዱ በፊት። ቋንቋው አልሞተም፣ ይጻፍበት ነበር፤ ጓዳ የሚገባው ሰው ነው ያጣው። ጓዳ ያስገቡት ደግሞ በኔ እምነት የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎቹ ናቸው። የመጀመሪያው የዕብራይስጥ መዋዕለ ሕፃናት በ1898 ሪሾን ለጺዮን ተከፈተ። ልጆቹ ቋንቋውን ይዘው ወደ ቤት ሲገቡ እናቶች ከልጆቻቸው ተማሩ። ይሄ እኛ ቤት የሆነውን አይመስልም?

ቆሎ ተማሪ የነበርኩ (ባህር ዳር)፣ ሰኞ ጠዋት

«ግዕዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጧል» የሚለው ላይ ትንሽ ልናገር። ቅኔ ቤት ያየ ሰው እንደዚያ አይልም። ተማሪው የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ አይቀርብም፣ በየቀኑ አዲስ ይቆጥራል። ሰምና ወርቅ እየፈጠርክበት የምታድር ቋንቋ ሞተ አይባልም። አፍ መፍቻ የሆነለት ልጅ የለም፣ ያ ነው ልዩነቱ። ዕብራይስጥም ከዚያ በፊት እንዲህ ነበር ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ዕብራይስጥ የሚችል እንግዳ መጥቶ ከመምህራችን ጋር ቃል ሲያመሳስሉ ዋሉ። ቤት፣ ባይት። ደም፣ ዳም። ስም፣ ሼም። ልብ፣ ሌቭ። ነፍስ፣ ኔፌሽ። ኮከብ፣ ኮኻቭ። ሰማይ፣ ሻማይም። ውሃን በግዕዝ ማይ እንላለን፣ እነሱ ማይም ይላሉ። መምህራችን የሚቆጥሩበት ጣት አልቆባቸው ሲስቁ ትዝ ይለኛል። የአንድ አያት ልጆች ነን ለካ አሉ።

ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። የጸሎት ቋንቋ ገበያ ሲወጣ ቅድስናው የት ይሄዳል? በመዝሙረ ዳዊት ቃል ቲማቲም ስትሸጥበት አይረክስም?

ሽመላ ከነታንያ፣ ሰኞ ቀን

ይሄ ጥያቄ እነሱንም አስጨንቋቸዋል። ጌርሾም ሾሌም የሚባል ትልቅ ሊቅ ነበር፣ የአይሁድን ምሥጢራዊ መጻሕፍት ያጠና። በ1926 ከኢየሩሳሌም ጀርመን ላለ ወዳጁ ለፍራንዝ ሮዘንዝቫይግ በጻፈው ደብዳቤ ቋንቋውን ከእሳተ ገሞራ ጋር አመሳስሎታል። ቃሎቹን ዓለማዊ አደረግናቸው ብለን እንናገራቸዋለን፤ ውስጣቸው የተቀበረው ግን አንድ ቀን ይፈነዳብናል ነው ሐሳቡ። እኔ ይሄን እያነበብኩ እዚህ አገር የሚሆነውን ሳይ፣ «ምድር»፣ «ርስት»፣ «መሥዋዕት» የሚባሉ ቃላት በዜና ላይ እንዴት እንደሚነገሩ ስሰማ፣ ልክ ነበር እላለሁ።

ሌላም ጎን አለው ደግሞ። ኤሌክትሪክ በዕብራይስጥ «ሐሽማል» ነው። ቃሉ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1 ላይ ነቢዩ ባየው ራእይ ውስጥ ያለ ነው፣ በእሳቱ መካከል የሚያበራው ነገር። ዛሬ የመብራት ሂሳብ ሲመጣ «የሐሽማል ደረሰኝ» እንላለን። ለአንዳንዱ ርክሰት ነው። እኔ ግን ያቺን ወረቀት ሳይ ነቢዩ ትዝ የሚለኝ ቀን አለ፣ እና ደስ ይለኛል።

ስሜን መልሱልኝ (አሽዶድ)፣ ሰኞ ማታ

ሁላችሁም ስለ ቋንቋው ውበት ነው የምታወሩት። እኔ ስለ ዋጋው ልናገር።

9 ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ስገባ አስተማሪዋ አባቴ ያወጣልኝ ስም ለምላሷ ከበዳት። «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነህ» ብላ ሌላ ስም ሰጠችኝ። ማንንም አልጠየቀችም። አባቴ ለስሜ ምክንያት ነበረው፤ የተወለድኩት ታላቅ ወንድሜ በሞተ ዓመት ነው፣ ስሜ ውስጥ እሱ አለ። እሷ ይሄን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም፣ ለማወቅም አልፈለገችም። ሠላሳ ዓመት በሌላ ስም ኖርኩ። አባቴ አንድም ቀን በአዲሱ ስም ሳይጠራኝ ሞተ።

እኛ ላይ ብቻም አይደለም። በ1920ዎቹ ቴል አቪቭ መንገድ ላይ «ዕብራዊ፣ ዕብራይስጥ ተናገር!» የሚሉ ወጣቶች ይዞሩ ነበር፣ የቋንቋው ጠባቂ ጓድ ነን እያሉ። ዪዲሽ፣ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ ያወራ ይሰደባል፣ ስብሰባ ይበተናል። ዪዲሽ እኮ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚናገረው ቋንቋ ነበር። ናዚ ተናጋሪውን ጨረሰ፣ የተረፈው ደግሞ እዚህ መጥቶ በቋንቋው እንዲያፍር ተደረገ። ከባግዳድ የመጣው በዓረብኛው አፈረ። ከሞሮኮ የመጣውም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ እኛ በአማርኛና በትግርኛ። ስለዚህ እህቴ፣ የልጅሽ ጥያቄ አይግረምሽ። ቤቱ የሌላ ሰው ነው ያሉን እነሱ ናቸው።

ነርሷ (ቤር ሼቫ)፣ ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር አባትህን ያሳርፍ። የስምህን ነገር ሳነብ አለቀስኩ።

እኔ አዛውንቶች ጋ ነው የምሠራው። በዕብራይስጥ «ተኝተው ነበር?» ሲባሉ ዝም የሚሉ እናቶች አሉ። ዶክተሩ የመርሳት በሽታ ነው ይላል። በአማርኛ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ስላቸው የስንት ዓመት ታሪክ ያወሩልኛል፣ የበሬውን ስም ሳይቀር። አልረሱም። የሚያዋራቸው ነው ያጡት።

ደግሞ ልጅ እያለሁ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። 11 ዓመቴ ላይ ክሊኒክ ገብቼ ስለ እናቴ ማህፀን ለዶክተር አስተርጉሜአለሁ። እናቴ ልጄ ይሄን አትሰማም ብላ ግማሹን ዋጠችው፤ እኔም ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ ስለማላውቀው ሌላውን ግማሽ ዋጥኩት። በዚያ ምክንያት ሕክምናዋ ዘገየ። ይሄን እኛ ቤት ብቻ የሆነ ይመስለኝ ነበር። አሁን ስጠይቅ በኛ ዕድሜ ያለ ሁሉ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ይሄ በዕብራይስጥ ተጽፎ ማንበብ እፈልጋለሁ። በአማርኛም ጭምር፣ እናቶቻችን እንዲሰሙት።

ሽመላ ከነታንያ፣ ማክሰኞ ማታ

ሁለታችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። «ቤቱ የሌላ ሰው ነው» የሚለው ላይ ብቻ ግን አልስማማም ወንድሜ፣ ቁስልህን አቃልዬ አይደለም።

እዚያ ቤት ውስጥ ያሉትን እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ደራሲው አግኖን የተወለደው ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባለች፣ ቡቻች በምትባል የጋሊሲያ ከተማ ነው፣ እቤቱ ዪዲሽ ነው የሚነገረው። በ1966 ኖቤል ሲቀበል እንዲህ ብሎ ነው የተናገረው፤ የሮማው ቲቶ ኢየሩሳሌምን ስላጠፋ እኔ በስደት ከተማ ተወለድኩ፣ ሁልጊዜ ግን ራሴን ኢየሩሳሌም እንደተወለደ ሰው ነው የማየው። ይሄን ለእናቴ ሳነብላት «የወገራ ሰው ነው እንዴ?» አለችኝ።

አሮን አፔልፌልድ አፉን የፈታው በጀርመንኛ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እናቱን ገና ልጅ ሳለ ገደሉበት። ጫካ ለጫካ ተንከራቶ ተርፎ በ1946 እዚህ መጣ። አዲሱን ቋንቋ ሲማር የእናቱ ቋንቋ ከውስጡ እየጠፋ ሄደ፤ እናቴ ሁለተኛ የሞተችብኝ ያኔ ነው ይላል። እንግዲህ ይሄ ሰው ከዕብራይስጥ ታላላቅ ጸሐፊዎች አንዱ ነው። ሳሚ ሚካኤል ከባግዳድ በ1949 መጣ፣ በዓረብኛ የሚጽፍ ሰው ነበር። የመጀመሪያውን የዕብራይስጥ ልብ ወለዱን ያወጣው በ1974 ነው። 25 ዓመት! ቋንቋ እስኪለውጥ ድረስ አንድ ትውልድ አለፈ።

ደራሲው አሞስ ኦዝስ? እሱ እዚሁ ኢየሩሳሌም ነው የተወለደው። ስለ ልጅነቱ በጻፈው መጽሐፍ ላይ አባቴ 16 ወይ 17 ቋንቋ ያነብ ነበር፣ 11 ይናገር ነበር ይላል። እናቱም እንደዚያው ብዙ ታውቃለች። ልጃቸውን ያስተማሩት ግን ዕብራይስጥ ብቻ ነው። ሌላ ቋንቋ ካወቀ አውሮፓ ትስበውና ትገድለዋለች ብለው ፈርተው ይሆናል ነው የሚለው። ወላጆቹ ሚስጥር ሲያወሩ በማይገባው ቋንቋ ነው የሚያወሩት። ይሄን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። እኛ ቤት ተገላቢጦሽ ነበር፤ እኔና ወንድሜ ነን ወላጆቻችን እንዳይገባቸው በዕብራይስጥ የምናወራው።

እና እኔ የምለው፣ ይሄ ሥነ ጽሑፍ ቋንቋቸውን ያጡ ሰዎች የሠሩት ነው። እኛ ዘግይተን የመጣን እንግዶች አይደለንም። የመጨረሻዎቹ ደራሾች ነን ቢባል ያስኬዳል፤ ግን የገባነው በዚያው በር ነው። በሩን ለሁሉም እኩል አልከፈቱትም፣ ያ እውነት ነው። የእስራኤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ከዓረብ አገሮች ለመጣ ገጣሚ፣ ለኤሬዝ ቢቶን፣ የደረሰው በ2015 ነው። መንግሥቱ ከተመሠረተ ስንት ዓመቱ ነው!

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፣ ማክሰኞ

እኔ አሜሪካ ነኝ። አይሁድ አይደለሁም፣ ልጆቼን እሁድ እሁድ አማርኛ ትምህርት እወስዳለሁ። እዚህ ጎረቤቶቼ አይሁዶች ናቸው። በዕብራይስጥ ይጸልያሉ፣ ቃሉን በዜማ ይወጡታል፣ ትርጉሙን ግን ብዙዎቹ ከጎኑ ካለው እንግሊዝኛ ነው የሚያዩት። ልክ እኛ ቅዳሴ ላይ ግዕዙን እንደምንሰማው። አይሁድነታቸው ግን አይጠረጠርም። ታዲያ ቋንቋው ነው ወይስ እምነቱ ሰውን አይሁድ የሚያደርገው?

ስሜን መልሱልኝ፣ ማክሰኞ ማታ

እትዬ፣ ይሄ ጥያቄ እዚህ ሰው ያጣላል። ደራሲው አ. ቢ. ይሆሹዋ በ2006 እናንተው ጋ ዋሽንግተን መጥቶ ለአሜሪካ አይሁዶች ሙሉ የአይሁድ ሕይወት ያለው እስራኤል ውስጥ ብቻ ነው ብሏቸው ተቆጡ። ለሱ እስራኤላዊነት ቆዳው ነው፣ እንደ ኮት የሚወልቅ አይደለም። ከሱ በፊት በ1940ዎቹ ገጣሚው ዮናታን ራቶሽና ጓደኞቹ ጭራሽ ወዲያኛው ጫፍ ሄደው እኛ ዕብራውያን ነን እንጂ አይሁዶች አይደለንም ብለው ነበር፤ ቋንቋና ምድር እንጂ ሃይማኖት አያስፈልግም ባይ ናቸው።

እኛን ውሰጂ ደግሞ። አያቶቻችን ዕብራይስጥ አንዲት ቃል ሳያውቁ ሰንበት ጠብቀዋል፣ በግዕዝ ኦሪት አንብበዋል፣ በዚያ ምክንያት ተሰድበዋል መሬትም ተነፍገዋል። እዚህ ስንደርስ አይሁድነታችን ተጠየቀ። በ1973 የእስራኤል ዋና ራቢ የነበረው ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድ ናቸው ብሎ ከወሰነ በኋላ እንኳን ሌላው መጠየቁን አልተወም። ዕብራይስጡን አቀላጥፎ የሚናገር፣ ሰንበት የማያውቅ ሰው ግን አይጠየቅም። ስለዚህ እህታችን ሽመላ፣ ያልሽው ልቤን ነክቶታል፣ ንዴቴ ግን አልወጣም።

ሌላም ልጨምር። ቋንቋው የአይሁድ ብቻ አይደለም አሁን። አንቶን ሻማስ የፍልስጤም ልጅ ነው፣ በ1986 በዕብራይስጥ የጻፈው ልብ ወለድ ብዙ አይሁድ ጸሐፊ የማይደርስበት ዕብራይስጥ ነው ይባላል፣ እኔም አንብቤዋለሁ፣ እውነት ነው። ከሱ በኋላ ሌላው በዕብራይስጥ የሚጽፍ ፍልስጤማዊ፣ ሰይድ ካሹዋ፣ መጣ። እሱ በ2014 አገሩን ለቆ አሜሪካ ሄደ። በ2018 ደግሞ ዓረብኛን ከመንግሥት ቋንቋነት ዝቅ ያደረገ ሕግ ወጣ። በራስህ ቋንቋ ዝቅ እያልክ በሌላው ቋንቋ መጽሐፍ መጻፍ ምን እንደሚመስል እኔ ትንሽ ይገባኛል።

የረሆቮት ልጅ፣ ረቡዕ ማታ

ሰላም። አማርኛ ጽሑፌን እናቴ እያረመችልኝ ነው። 23 ዓመቴ ነው፣ እዚህ ነው የተወለድኩት። ግጥም እጽፋለሁ፣ በዕብራይስጥ።

ትምህርት ቤት 12 ዓመት ስማር ስለኛ ያነበብኩት የዘመቻዎቹን ታሪክ ብቻ ነው። አውሮፕላን፣ ወታደር፣ የሚሳም መሬት። ሰው የለበትም። ከዚያ የሆነ ቀን የዳሊያ ቤቶሊን ሸርማን መጽሐፍ እጄ ገባ፣ በ2013 የወጣ የአጫጭር ታሪኮች ስብስብ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣች ልጅ ራሷ ነች የምታወራው። ማንንም አታስረዳም፣ እንጀራ ምን እንደሆነ ለአንባቢ አታብራራም። እኔ ያኔ ነው የተነፈስኩት። ማብራራት ግዴታ አይደለም ለካ።

አሁን እርዳታ እፈልጋለሁ። ነርሷ እህቴ «በአማርኛም» ስትል አንድ ነገር ጀመርኩ። ለአያቴ የገጣሚዋን የሊያ ጎልድበርግን የጥድ ግጥም ወደ አማርኛ መመለስ እፈልጋለሁ። ጎልድበርግ ሊትዌኒያ አድጋ በ1935 የመጣች ናት። በግጥሙ ላይ በሰማይና በምድር መካከል የተንጠለጠሉ ተሰዳጅ ወፎች ብቻ ያውቁታል የምትለው ሕመም አለ፣ የሁለት «ሞለደት» ሕመም። ሞለደት ከ«ያላድ» ነው የመጣው፣ ከኛው «ወለደ» ጋር አንድ ሥር ነው። «ሁለት የትውልድ አገር» ስላት አያቴ ሳቀች። ሰው ሁለት ጊዜ ይወለዳል እንዴ አለችኝ። ምን ልበለው?

ሽመላ ከነታንያ፣ ረቡዕ ማታ

እንደገና ወፍ! ቢያሊክ ወፏን ስለ ጽዮን ጠየቃት። ጎልድበርግ ጽዮን ከደረሰች በኋላ ወፏን ስለ ቀረው አገር አነሣቻት። እናቴ ሁለቱንም በአንድ ሽመላ ነው የያዘችው፤ ያኔ ስለ ኢየሩሳሌም ትጠይቅ ነበር፣ አሁን ደግሞ በመጋቢት በረንዳ ላይ ወጥታ ሽመላዎቹ ወደ ሰሜን ሲያልፉ «በጎንደር በኩል መጣችሁ?» ትላቸዋለች። በዚህች አገር ሰማይ በዓመት ሁለት ጊዜ 500 ሚሊዮን ያህል ወፍ ያልፋል ይባላል፣ ሽመላው ክረምቱን አፍሪካ አሳልፎ ነው የሚመለሰው። እናቴ ልክ ናት።

ቃሉን እኔም አላገኘሁትም። «ሁለት አገር» ብቻ ብትለውስ?

ቆሎ ተማሪ የነበርኩ፣ ሐሙስ ጠዋት

«ሁለት አገር» ቀዝቃዛ ነው፣ ፓስፖርት ይመስላል። በአማርኛ ሰው የተወለደበትን ሲያነሣ «እትብቴ የተቀበረበት» ነው የሚለው። «የሁለት እትብት ሕመም» ቢባል?

የወገራ ሰው (ቂርያት ጋት)፣ ሐሙስ ማታ

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ። ሁሉንም አንብቦልኛል።

ስለ ሽመላው የተባለው እውነት ነው። እኛ የምንለው «ሽመላ ሽመላ» ብለን ነው፣ ክንፉን ካወዛወዘ ደህና ናት ማለት ነው እንል ነበር፣ የልጅ ነገር። በዓላችን ስግድ ላይ ተራራ ወጥተን ፊታችንን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረን ስንሰግድ ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፣ ከዚያ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉማሉ። ቃሉ እንዲገባን ነው። ዛሬ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ የሚባለው ኮረብታ ላይ ለስግድ ስንወጣ፣ ከ2008 ወዲህ የአገሩ ሕግ የሚያውቀው በዓል ነው፣ ቄሶቹ ያንኑ ግዕዝ ያነባሉ። ልጆቹ ግን ግዕዙም አማርኛውም አይገባቸውም። ስለዚህ ወደ ዕብራይስጥም ይተረጎም ብያለሁ። አንዳንዱ ሽማግሌ አይሆንም አለኝ። እኔ ግን አባቶቻችን ወደሚሰማው ቋንቋ መተርጎምን ነው ያስተማሩን እላለሁ።

በአሽዶድ ላለኸው ልጄ፣ ስምህን መታወቂያ ላይ አስመልስ። የልጅ ልጄ ያስመለሰ ጓደኛ አለው፣ ወረቀቱን ያሳይሃል።

የረሆቮቱ ልጅ፣ እትብት የሚለው ጥሩ ነው፣ ግን አያትህ አሁንም ትስቃለች። እትብት አንድ ነው፣ የሚቀበረውም አንድ ቦታ ነው። እኔ የምለው የመጀመሪያዋን «እትብቴ የተቀበረባት» በላት፣ ሁለተኛዋን «ሽመላ የጠየቅኩባት»። ረዘመ?

የረሆቮት ልጅ፣ ሐሙስ ማታ

አባባ፣ አልረዘመም። አያቴ ይሄን ሳነብላት አልሳቀችም። ድገመው አለችኝ።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ ልደውልልዎ? ሌሎቹን ስንኞችም አብረን እንያቸው፣ ጥዱ ላይ የሚያርፈውን በረዶ እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ አያቴ በረዶ አይታ አታውቅም።

የወገራ ሰው፣ ሐሙስ ማታ

ደውል። በረዶውን የስሜን ተራራ ላይ አይቼዋለሁ፣ እነግርሃለሁ።